ምስኪኑ መደብ

በእናቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ደረደረች። በእያንዳንዱ ብርጭቆ አፍ ላይ ትንሽ የሽቦ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ደግሞ በጥላ የደረቀ አንድ ጓል አፈር አስቀመጠችና ሦስቱንም እኩል ወደ ውሃው ዝቅ አደረገቻቸው። ይህን ሙከራ ከተማ ባለው መሥሪያ ቤቷ፣ በአፈርና በእህል ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ እጇ እስኪለምደው ሠርታዋለች። የጤነኛ አፈር ጓል ውሃ ውስጥ ገብቶም ይጸናል። የተራበ አፈር ግን ውሃ ሲነካው እንደ ስኳር ሟሙቶ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ጓል ብስባሽ ከሚገባበት መደብ የመጣ ነው። ጸና። ሁለተኛው የከረጢት ማዳበሪያ ከሚበተንበት መደብ ነው። ጠርዝ ጠርዙ እየተሸራረፈ ቀስ በቀስ ወረደ። ሦስተኛው ምንም ከማይገባበት፣ ለማነጻጸሪያ ባዶውን ከተተወው መደብ ነው። እሱ ገና ውሃ ሳይጠግብ መፍረስ ነበረበት።

አልፈረሰም። ጥቂት አረፋ ተፋና ቁጭ አለ።

«ፍረስ እንጂ!» አለችው፣ ጎንበስ ብላ በብርጭቆው ጎን እያየችው።

ሌላ ጓል ቀየረች። እሱም ጸና። ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ ቦታቸውን አቀያይራ፣ በከረጢቶቹ ላይ የጻፈችውን ምልክት ደግማ አይታ እንደገና ሠራችው። ያው ነው። ትናንት ከየመደቡ የቆረጠችውን ዳጉሳ ፈልፍላ ስትመዝን ጥርጣሬ ገብቷት ነበር፤ የባዶው መደብ ፍሬ በድፍንነቱም በክብደቱም ብስባሽ ከጠገበው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ የጠረጠረችው ሚዛኑን ነበር። አሁን ግን ውሃውም ያንኑ መሰከረ።

ነገሩ ተራ ሙከራ ቢሆን ኖሮ ተበሳጭታ ትተወው ነበር። ተራ ግን አልነበረም።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ማሳውንም የከብት ማድለቢያውንም የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከማድለቢያው የሚወጣው እበት በግቢው ጥግ ተራራ ሠርቷል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጡብ ማምረቻ አለ፤ ምድጃው የሚነደው በደረቅ እበት ነው። ባለቤቱ፣ ሰዉ ሁሉ ባለጡቡ የሚለው፣ አንድ ቀን መጥቶ «እበትህን ለአምስት ዓመት ለእኔ ብቻ ስጠኝ፤ እኔ አዲስ በረት የሚያቆም ጡብ እሰጥሃለሁ» አለ። የበረቱ አንድ ግድግዳ በዝናብ ወድቆ በቆርቆሮ ተደግፎ ነበርና ወንድምየው ዓይኑን አላሸም። ወሬውን ሰምታ ከከተማ ስትከንፍ የደረሰችው እሺ ሊለው አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው።

«እበቱ ከሄደ መሬቱ በምን ይኖራል?» አለችው ያኔ።

«በምን ይኖራል? በከረጢት ነዋ!»

ሲጨቃጨቁ ውለው አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። ሦስት መከር ይሞከር። ሦስት መደብ፣ አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት እርሻ። በሦስተኛው መከር ብስባሹን የበላው መደብ ከባዶው በግልጽ ከበለጠ እበቱ ለማሳው ይቀራል። ካልበለጠ እሷ አፏን ትዘጋለች፣ ባለጡቡም መኪናውን ይልካል። እናታቸው መካከላቸው ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

ለመደቦቹ ስም ያወጣችው እሷው እናትየው ናት። ብስባሽ የሚበላውን «ጌታው» አለችው። የከረጢቱን «ባለደመወዙ» አለችው፤ ሲሰጡት ይፈነድቃል፣ ወር ሳይሞላ ይጠወልጋል። ባዶውን ደግሞ «ምስኪኑ»።

በመጀመሪያው መከር ባለደመወዙ ሁሉንም ረታ። ወንድምየው በማሳው ዳር እየተንጎራደደ «ላብራቶሪ፣ የት ደረሰ ብስባሽሽ?» እያለ ሲያበሽቃት ከረመ። ላብራቶሪ የሚላት ደሟን ማፍላት ሲያምረው ነው። በሁለተኛው መከር ጌታውና ባለደመወዙ ተካከሉ። «ብስባሽ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ቤቱን እስኪለምድ ዝም ይላል» አለችው፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ። በሦስተኛው የጌታው ነገር ገና ከቡቃያው ታወቀ። አፈሩ ጠቁሯል። ዶማ ሲገባበት አይጮኽም። ዝናብ ሲወርድ ውሃውን ይጠጣዋል እንጂ ወደ ቦዩ አይሸኘውም። ፍሬውም ድፍን፣ ዱቄቱም የማያሻክር ሆነ። ጌታው አላሳፈራትም። ያሳፈራት ምስኪኑ ነው፤ ምንም ሳይበላ አብሮት ሮጦ ደረሰ።

ወንድሟ ዛሬ ውጤቱ ይታወቃል ብሎት፣ የባለጡቡ መኪና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

«ወንድሜ ነው» አለች ብርጭቆዎቹን እያየች። ከምስኪኑ መጥገብ ከእሱ በቀር ማን ይጠቀማል? እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

ወንድሟ በረቱ ውስጥ የቆርቆሮውን ድጋፍ እየመታ ነበር። በከንፈሩ ሚስማር ነክሷል።

«ምስኪኑ ላይ ምን ደፋህበት?»

«እህ?»

«ያልሰማ አትምሰል! ማነጻጸሪያዬን አብልተኸዋል። ቀስ ብለህ፣ እኔ ከተማ ስሆን ጠብቀህ!»

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣና ኪሱ ከተተ። «ጋሼ ማለት ቀረ?»

«ጋሼ የሚባል ሰው አያጭበረብርም።»

መዶሻውን ወረወረው። በገንዳው ዙሪያ የቆሙት በሬዎች ደንግጠው ተገፋፉ። «እኔ? እበት ተሸክሜ ለመሬት የማጎርሰው እኔ ነኝ? ወገቤን አታውቂውም? ጎንበስ ካልኩ ቀና የሚያደርገኝ ሰው እጠራለሁ!»

«ለጡብ ስትል ተራራ ትሸከማለህ!»

«ለጡብ ስል?» ክንዷን ይዞ ወደ ወደቀው ግድግዳ አዞራት። «እዪው! ከአንገትሽ በላይ አይደለም፣ በደንብ እዪው! ቀሪው ባለፈው ክረምት የወረደው ጥጃዋ ላይ ነው። አንቺ በብርጭቆ አፈር ስታጠጪ እኔ በእጄ ጥጃ ቀብሬያለሁ።»

ክንዷን መነጨቀችው።

«እበት ትል ይወልዳል ሲሉ አላምንም ነበር» አላት። «ያባቴ ቤት አንቺን ወለደ።»

«ይውለድ! ትሉ ነው መሬትህን ከሥር የሚያርስልህ!»

«እንግዲያው ትልሽ በረቴን ይገንባልኝ! ምስኪኑ ጠግቧል አልሽ አይደል? ከጌታው ጋር ተካክሏል ማለት ነው አይደል? ከራስሽ አፍ ነው የወጣው። ቃል ቃል ነው፤ መኪናው ሲመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ከኋላዋ መዶሻው እንደገና ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚመታው ሚስማሩን ብቻ አይመስልም ነበር።

ማሳው ከግቢው ጀርባ፣ በእግር መንገዱ ዳር ነው። ዳጉሳው ደርቆ፣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ማጭድ ይጠብቃል። ምስኪኑ ፊት ቆመች። ስትናደድ ማየት እንደሚያቅታት ታውቃለችና መጀመሪያ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ዓይኗን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

እኩል አልነበረም። ከመንገዱ ወገን አገዳው ወፍራምና ረጅም ነው፤ ወደ መሃል ግን አጥሮ ቀጥኗል። የረጅሙና የአጭሩ ድንበርም ቀጥ ያለ መስመር አልነበረም። ግማሽ ክብ፣ አጠገቡ ሌላ ግማሽ ክብ፣ ደግሞ ሌላ። ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ የእጣቢ ውሃ በሳህን ሲደፋ መሬት ላይ የሚቀረውን ቅርጽ ይመስላል። አንድ ሰው እዚህ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ እየተራመደ ወርውሯል። ውርወራው ደግሞ አጭር ነው። የወንድሟ ክንድ ቢሆን መሃሉን ያልፍ ነበር።

ተንበረከከች። አፈሩን በጣቷ ገለጥ ስታደርግ ነጫጭ ስብርባሪ አገኘች፤ ተወቅጦ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት። ሥሩ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ግማሹ የበሰበሰ። ማድለቢያው እንቁላል አይበላም። የእንቁላል ቅርፊት በሙቀጫ ወቅጦ ከወጥ ቤት ጥራጊ ጋር የሚያበሰብስ ሰው በዚህ ግቢ አንድ ብቻ ነው።

ተንበርክካ ቆየች። ናሙናውን ከመንገዱ ዳር የቆረጠችው ራሷ ናት፤ የደረሰው ፍሬ እንዳይረግፍ ብላ ወደ መሃል አልገባችም። ከእሷ ሥር የሚሠራ ሰው ይህን ቢያደርግ ከክፍሉ ታስወጣው ነበር። አሁን የምታስወጣው ሰው የለም። አፈሩን በጭብጧ እንደያዘች ተነሥታ ወደ ቤት ገሠገሠች።

እናቷ ከቤቱ ኋላ ተቀምጣ ዳጉሳ እየለቀመች ነበር። ጠርዙ የተሸራረፈው የብረት ሳህን አጠገቧ አለ። ልጅቷ የጨበጠችውን አፈር ሳህኑ ውስጥ ጣለችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

እናቷ አጎንብሳ አየች። «የእንቁላል ቅርፊት።»

«ማን ነው ያደረገው?»

«እኔ ነኛ። ታዲያ ዶሮዋ ናት?»

«ስንት ጊዜ?»

«ሳህኑ በሞላ ቁጥር።»

«እማዬ! ለምን?»

«ስለራበው።»

«መራብ ነበረበት! የእሱ ሥራ እኮ መራብ ነው!»

እናቷ የምትለቅመውን ጠጠር በእጇ እንደያዘች ተነሣች። «ሥራው? መራብ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? ሁለቱን ግራና ቀኝ ታበያለሽ፣ እሱ መሃል ሆኖ ምራቁን ይውጣል፣ አንቺ ከከተማ መጥተሽ ስንት ጊዜ እንደዋጠ ትለኪያለሽ! በዚያ መንገድ እኮ ሰው ያልፋል። ጠዋት ማታ ‹እትዬ፣ መሬቱ ምነው ገረጣ? አሞሻል እንዴ?› የምባለው እኔ ነኝ።»

«ሳላነጻጽር ብስባሹ መጥቀሙን በምን አውቃለሁ?»

«እኔን ብትጠይቂኝስ? ዕድሜዬን ያረስኩት ምን መስሎሽ ነው?»

«እሺ፣ ጠየቅሁሽ እንበል። ጋሼ አንቺን ይሰማል?»

እናቷ ጠጠሩን ወረወረችው። «አይሰማም።»

«አይሰማማ! ለዚያ ነው የለካሁት! የሚሰማው ሚዛን ብቻ ስለሆነ ነው። አንቺ ደግሞ በሳህንሽ ሚዛኑን ደፋሽው። ጌታውና ምስኪኑ ተካከሉ። ተሸነፍኩ። እበቱ ዛሬ ይሄዳል።»

«የት ይሄዳል?»

«ምድጃ ውስጥ ነዋ! ባለጡቡ ጋ! መካከላችን ተቀምጠሽ ሰምተሽ የለም እንዴ?»

የእናቷ ፊት ተለወጠ። «የሰማሁትማ ጌታው ካላማረበት እበቱ ይሄዳል ስትባባሉ ነው። ጌታውን መች ነካሁት? አማረበት እኮ! እሱ ካማረበት ምስኪኑ ቢጎርስ ምን ይጎዳል ብዬ ነው…» ጌታው መብለጥ ያለበት ከምስኪኑ መሆኑን፣ ምስኪኑን ባጎረሰች ቁጥር ጌታውን እያሳነሰችው መሆኑን አሁን ገና አየችው። ግን ማልቀስ የእሷ ልማድ አልነበረም። ተናደደች። «ይህንን ነገር ሰው በሚገባው ቋንቋ አትነግሪኝም ነበር? ወይስ ለእናት አይነገርም?»

እውነት ነው፤ ልጅቷ ለወንድሟ በመዶሻ እንደሚመታ ሚስማር ደጋግማ ነግራዋለች። ለእናቷ ግን አንድም ቀን አልነገረቻትም። የምታውቅ መስሏት ነበር።

ወንድምየው ጩኸቱን ሰምቶ በጓሮው ብቅ አለ። ሳህኑን አየ፣ አፈሩን አየ፣ የእናቱን ፊት አየ። ትንሽ ቆይቶ ገባው። «አሃ» አለ። «አሃ! እኔን ሌባ ብለሽ፣ ሌባዋ እማዬ ሆና ተገኘች?»

«አጭበርባሪ ነው ያልኩህ፤ ሌባ አላልኩህም።»

«አመሰግናለሁ። እና ይቅርታው የት አለ?»

«ይቅርታ» አለች፣ ጥርሷን እንደነከሰች። «አንተ አልነበርክም።»

«ጋሼ።»

«ጋሼ፣ አንተ አልነበርክም።»

እናትየው ጣልቃ ገባች። «በቃ፣ መሃሉን ትለካዋለቻ። እጄ መሃል አልደረሰም፤ መሃሉ አሁንም እንደገረጣ ነው።»

ወንድሟ ሳቀ። «የሚጠቅማትን መርጣ ልትለካ? ይኸውና ሳይንስ!»

የሚያሳብደው ነገር ልክ መሆኑ ነው። «አልለካም» አለች። «ዝናብ ከዳሩ ወደ መሃሉ ስንቱን አጥቦ እንዳስገባ አላውቅም። የመሃሉ ቁጥር እንኳን ለእኔ ቢፈርድ ንጹሕ ነው ብዬ አልፈርምበትም። ተበላሽቷል። የተበላሸ የተበላሸ ነው።»

«ስለዚህ አሸነፍኩ።»

«አላሸነፍክም። እኔም አላሸነፍኩም። ማንም አልተለካም!»

«የእኔ ግድግዳ ግን ወድቋል! እሱ አልተበላሸም፣ አልተለካም አይባልም፤ ወድቋል!»

እናትየው ከግድግዳው የተደገፈውን አካፋ አንሥታ የልጇ ደረት ላይ ለጠፈችው። «ሂድ ቆፍር።»

«እማዬ፣ አሁን…»

«የእሷን ሚዛን ተወው። የእኔንም አፍ አትሰማም። የራስህን እጅ ትሰማለህ? መጀመሪያ እኔ የደፋሁበት፣ ቀጥሎ ያልደረስኩበት። ሂድ!»

ሊከራከር ፈለገ፤ ግን በእናቱ ዓይን ውስጥ በልጅነቱ የሚያውቀውን ነገር አየና አካፋውን ይዞ ሄደ። ሁለቱ ተከተሉት። መንገዱ ዳር ረገጠው፤ አካፋው ሰምጦ ገባ። የወጣውን አፈር በእጁ ፈረከሰው፤ ከውስጡ ቀይ ትል ተጠማዝዞ ወደቀ። ዳጉሳውን በክርኑ እየገፋ ወደ መሃል ገባና እንደገና ረገጠ። አካፋው ጠረጴዛ ላይ እንደ ወደቀ ማንኪያ ጮኸ። ደግሞ ረገጠ። ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ይህ መሬት እንዲህ አልነበረም» አለ። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም ነበር። «እኔና አባባ ስናርሰው እንዲህ አልነበረም።»

ከየቦታው አንድ አንድ ደረቅ ጓል አንሥቶ፣ ማንንም ሳያይ ወደ በረቱ ነጎደ። ሲደርሱበት በገንዳው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ነበር። ሁለቱን ጓሎች የከብቶቹ መጠጥ ውስጥ፣ ከላይ ከላዩ በሁለት መዳፎቹ ይዞ አጥልቋቸዋል። በግራ እጁ ያለው የመሃሉ ጓል ወዲያው በጣቶቹ መካከል ሟሙቶ ወረደና ውሃውን አደፈረሰው። በቀኙ ያለው እንዳለ ተቀመጠ። አንድ በሬ ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ በድፍርሱ በኩል ያለውን ውሃ ተወና በጠራው በኩል አንገቱን አስገባ።

«ሂድ ወዲያ!» ብሎ በክርኑ ገፋው፤ ጓሉን ግን አልለቀቀውም።

ደጅ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ነፋ፣ ቆየ፣ ደግሞ ነፋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ የሆነ ነገር ለማለት ምላሷ እየበላት ነው፤ አሁን አንድ ቃል ብትናገር ግን ወንድሟ በእልህ በሩን እንደሚከፍተው ታውቃለች። አፏን ዘግታ የቆርቆሮውን ሚስማሮች በዓይኗ ቆጠረች።

ወንድምየው ግን በመጨረሻ ጓሉን ገንዳው ውስጥ ጥሎት ወጣ። በሩ ላይ ከሾፌሩ ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል።

«ባዶዬን ልመለስ?»

«ባዶህን ተመለስ!»

«ምን ልበላቸው? ጡቡ እኮ ተቆጥሮ ተቀምጧል!»

«መሬቱ አልጠገበም በላቸው! ባለጡቡ መሬት ካወቀ ይገባዋል፤ ካላወቀ ደግሞ ራሱ ይምጣና እኔ ላይ ይጩህ፤ ዛሬ ሁሉም እየጮኸብኝ ነው!»

መኪናው ሞተሩን አጓርቶ ሄደ። ወንድምየው ሲመለስ ፊቱ እንደ ተኮማተረ ነበር። ጣቱን በእህቱ ላይ ቀሰረ። «አንድ መከር። አንድ መከር ብቻ ጨምሬያለሁ፤ ስለ ተሸነፍኩ አይደለም፣ ስላልተለካ ነው። ይህን ግድግዳ ደግሞ አንቺና እናትሽ ታቆሙታላችሁ፤ በጭቃም ሆነ በብስባሽ አላውቅም። ከክረምቱ በፊት!»

«እናቆመዋለን» አለች።

«ጋሼ።»

«እናቆመዋለን፣ ጋሼ! አሁን ደግሞ መንገድ ልቀቅልኝ!»

መዶሻውን ከተወበት አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ማሳው ሄደች። ገመድና ካስማ ይዛለች። ምስኪኑ የነበረው መደብ አሁን ከመንገዱ ወገን ግማሽ ጠግቧል፤ ማነጻጸሪያ መሆን አይችልም። ከማሳው ወዲያኛው ዳር፣ ከመንገዱ የራቀ፣ ማንም ያልነካው አንድ ጥግ መረጠች። በአንድ አዝመራ ሦስት መከር አይሞላም፤ ግን ቢያንስ ንጹሕ መነሻ ይሆናል። ካስማውን መታች፣ ገመዱን ወጠረች፣ እንደገና መታች።

ቀና ስትል እናቷ በመንገዱ ላይ ቆማለች። ሳህኑ በጎኗ ነው፤ ከአፉ የሽንኩርት ልጣጭ ተርፏል። አልታረቁም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አሮጌው ምስኪን ተበላሽቷል ብለሻል። የተበላሸ ከሆነ ይብላ» አለችና ሳህኑን በሁለት እጇ ወርውራ ደፋችው። ግማሽ ክብ ሆኖ ወረደ። ከዚያ ወደ አዲሱ ገመድ አየች። «ያ ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቷ መዶሻ ስላልያዘች ካስማውን በድንጋይ አንድ ጊዜ መታችውና ወደ እናቷ ሄደች። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ከሥሩ ነገረቻት፤ ማን ከማን ጋር እንደሚለካ፣ አንዲት ሳህን ምን እንደምታበላሽ፣ አንዲት ሳህን ማንን እንደምታስጥል። እናቷ ፊቷን አጥቁራ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እሺ» አለች። «አልነካውም። ግን ስም አላወጣለትም። ስም ካወጣሁለት አያስችለኝም።»